ደጋን ማንሣትና ደጋን ማስቀመጥ

ስለ ቼሎ ተጫዋቹ ስለ ፓብሎ ካሳልስ ትምህርትና የሙያ ዘመን በማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር




በዛሬው ጉባኤ ላይ ስለ አንድ የሙዚቃ ሰው ትምህርትና የሥራ ዘመን እንድናገር የሥራ አስፈጻሚው ኮሚቴ በጠየቀኝ ጊዜ ብዙ ስሞች በአሳቤ ተመላለሱ። በመጨረሻ የመረጥሁት ግን የቼሎውን ተጫዋች ፓብሎ ካሳልስን ነው። የመረጥሁበትን ምክንያት አስቀድሜ ብገልጽ ነገሩን ለመከታተል የሚቀል ይመስለኛል። ይህ ሰው ደጋኑን እንዴት እንዳነሣ ብዙ ተጽፏል፤ ደጋኑን ስለ ምን እንዳስቀመጠም እንደዚሁ ብዙ ተጽፏል። እኔ ዛሬ ለማሳየት የምሞክረው ሁለቱም ነገሮች ከአንድ ትምህርት የመጡ መሆናቸውን ነው። በልጅነቱ አንድን የሙዚቃ ድርሰት ለዐሥራ ሁለት ዓመታት ያህል በጓዳው ይዞ የቆየው ተማሪና በስተርጅናው ከአደባባይ ርቆ ዝም ያለው ሽማግሌ አንድ ሰው ናቸው። በንግግሬ ውስጥ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ አሳስባለሁ።

በመካከላችን የክር መሣሪያ የማይጫወቱ የሙያ ባልደረቦች ስላሉ ስለ ቼሎ ጥቂት ልበል። ቼሎ የቫዮሊን ታላቅ ወንድም ነው። አራት ክሮች አሉት፤ ተጫዋቹ ተቀምጦ በጉልበቶቹ መካከል ይይዘዋል፤ ከግርጌው የሚወጣው የብረት ዘንግ ወለሉን ተደግፎ መሣሪያውን ያቆመዋል። ይህ ዘንግ እየተለመደ የመጣው በ19ኛው ምዕተ ዓመት ሲሆን፣ ከዚያ በፊት ተጫዋቹ መሣሪያውን በባቶቹ ጨብጦ ይጫወት ነበር። ቼሎ በ16ኛው ምዕተ ዓመት በሰሜን ኢጣልያ ከተወለደ በኋላ ለረዥም ጊዜ ዋና ሥራው ሌሎች ሲያዜሙ ከሥር ሆኖ ወፍራሙን ድምፅ መያዝ ነበር። ድምፁ ግን ለሰው ድምፅ እጅግ የቀረበ ነው። የፈረስ ጭራ የተወጠረበት ደጋን በክር ላይ ሲሳብ ድምፁ ሳይቋረጥ እንደ ሰው እስትንፋስ እንደሚዘልቅ፣ ማሲንቆ ሲሰማ ላደገ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም።

ፓብሎ ካሳልስ በ1876 ዓ.ም. ታኅሣሥ ወር መጨረሻ ላይ በስፔን አገር፣ በካታሎንያ፣ ኤል ቬንድሬል በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደ። አባቱ የከተማይቱ ቤተ ክርስቲያን የኦርጋን ተጫዋችና የመዘምራን መሪ ነበር። ልጁ ፒያኖን፣ ኦርጋንንና ቫዮሊንን የተማረው ከአባቱ እጅ ነው። አንድ ጊዜ ዘዋሪ ሙዚቀኞች ወደ ከተማይቱ መጡ፤ ከእነርሱም አንዱ በመጥረጊያ እንጨት ላይ ክር ወጥሮ ይጫወት ነበር። ልጁ ያየውን ለአባቱ በነገረው ጊዜ አባቱ ከቅል አንድ መሣሪያ ሠራለት። ክሩ አንድ ብቻ ነበር። ከጊዜ በኋላ በነገሥታት ፊት የተጫወተው ሰው የመጀመሪያው «ቼሎ» ባለ አንድ ክር ቅል መሆኑን ስንሰማ፣ እኛ ባለ አንድ ክር መሣሪያን የምናውቅ ሰዎች ፈገግ ማለታችን አይቀርም።

እውነተኛውን ቼሎ ያየው በ1888 ዓ.ም.፣ በዐሥራ አንድ ዓመቱ ነበር። ጆሴፕ ጋርሲያ የሚባል የባርሴሎና የቼሎ መምህር ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ሆኖ በቬንድሬል ሲጫወት ልጁ ሰማው፤ ከዚያች ቀን ጀምሮም ሌላ መሣሪያ አላማረውም። አባቱ በሙዚቃ እንጀራ መብላት ምን ያህል እንደሚያስቸግር በራሱ ኑሮ ያውቅ ስለነበረ፣ ልጁ የአናጢነት ሥራ እንዲለምድ ያስብ ነበር። እናቱ ፒላር ግን ይህን አልተቀበለችም። ልጇን ይዛ ወደ ባርሴሎና ሄደች፤ በከተማይቱ ማዘጋጃ ቤት የሙዚቃ ትምህርት ቤትም አስገባችው። መምህሩም ያው በቬንድሬል ሰምቶት የነበረው ጋርሲያ ሆነ።

እዚህ ላይ ለእኛ ለአስተማሪዎች ትልቅ ቁም ነገር አለ። በዚያ ዘመን የቼሎ ተማሪ ቀኝ ክንዱን ከጎኑ ሳይለይ ደጋን እንዲስብ ይገደድ ነበር፤ ክርኑ እንዳይርቅም በብብቱ ሥር መጽሐፍ ይዞ እንዲለማመድ ይደረግ ነበር። ግራ እጁም የደነደነ ነበር፤ ጣቶቹ ሳይዘረጉ እጁ በሙሉ ከቦታ ወደ ቦታ ስለሚንሸራተት በየመካከሉ የሚጎተት ድምፅ ይሰማ ነበር። ካሳልስ ገና ተማሪ ሳለ ይህን ሁሉ ጠየቀ። ክንድ ነጻ ሆኖ መንቀሳቀስ ለምን ይከለከላል አለ። የግራ እጁን ጣቶች እየዘረጋ፣ እጁን ሳያንሸራትት ብዙ ድምፆችን ለመድረስ የሚያስችል አያያዝ ፈጠረ። ጋርሲያ ተማሪው ከሚያስተምረው ውጭ ሲሄድ ባየ ጊዜ አልከለከለውም። የዛሬው የቼሎ አጨዋወት ከዚህ ልጅ ጥያቄ ብዙ ተቀብሏል፤ ለጥያቄው ቦታ የሰጠውን መምህርም መርሳት አይገባንም።

በዚያው ጊዜ ልጁ ለቀለብ የሚሆነውን ለማግኘት ማታ ማታ ካፌ ቶስት በሚባል ቡና ቤት ይጫወት ነበር። ሰዎች እየጠጡና እየተጨዋወቱ እርሱ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር የዘመኑን ዜማ ያሰማል። በሳምንት አንድ ቀን ግን የታላላቆቹን ደራሲዎች ሥራ ብቻ እንዲጫወቱ ባለቤቱን አስፈቀደ። የቡና ቤቱ ደንበኞች በዚያች ማታ ድምፃቸውን ዝቅ ማድረግ እየለመዱ መጡ ይባላል።

አሁን ወደ ንግግሬ ዋና ነገር ደረስሁ። በ1890 ዓ.ም. አባቱ ሊጠይቀው ወደ ባርሴሎና መጥቶ ሳለ፣ ሁለቱ ለካፌው የሚሆን ኖታ ፍለጋ በወደቡ አጠገብ ወደሚገኝ አንድ አሮጌ የኖታ መሸጫ ገቡ። ካሳልስ የዐሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ነበር። በተቆለለው ወረቀት መካከል ዮሐን ሴባስቲያን ባኽ ለቼሎ ብቻ የጻፋቸውን ስድስት ስዊቶች አገኘ። ስዊት ማለት መቅድምና የተለያዩ የጭፈራ ዜማዎች ተከታትለው የሚመጡበት ድርሰት ነው፤ ስድስቱ እያንዳንዳቸው ስድስት ክፍል አላቸውና በድምሩ 36 ክፍሎች ናቸው። ባኽ እነዚህን የጻፈው በ1720 ዓ.ም. አካባቢ ነው። በራሱ እጅ የጻፈው ቅጂ ለእኛ አልደረሰም፤ ከታወቁት ቅጂዎች አንዱ ሚስቱ አና ማግዳሌና የገለበጠችው ነው። በካሳልስ ዘመን እነዚህ ድርሰቶች እንደ ጣት ማፍታቻ ይቆጠሩ ነበር። ከመካከላቸው አንድ ክፍል ተለይቶ በመድረክ ቢሰማ እንጂ አንዱን ስዊት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በአደባባይ መጫወት የተለመደ አልነበረም።

ልጁ ያገኘውን ኖታ ታቅፎ ወደ ቤቱ ሄደ፤ በማግሥቱም መለማመድ ጀመረ። ከዚያስ? ከዚያ በኋላ ዐሥራ ሁለት ዓመት ያህል ዕለት ዕለት ተለማመደው። ከእነዚህ ስዊቶች አንዱን ሙሉውን በሰው ፊት ለመጫወት የደፈረው ዕድሜው ወደ ሃያ አምስት ሲቃረብ ነው። በእነዚህ ዓመታት ውስጥ እርሱ ያልታወቀ ተማሪ ሆኖ እንዳልቀረ ልብ በሉ። ስሙ የተጠራ፣ በታላላቅ አዳራሾች የተጨበጨበለት ሰው ነበር። ቢፈልግ ኖሮ ስዊቶቹን በዐሥራ ስምንት ዓመቱ ይጫወታቸው ነበር፤ አድማጩም ጉድለቱን አያውቅም ነበር። የሚያውቀው እርሱ ብቻ ነበር።

የተከበራችሁ ባልደረቦቼ፣ እዚህ ላይ የራሴን ጥፋት ልናገር። ከብዙ ዓመታት በፊት አንዲት የቫዮሊን ተማሪ ነበረችኝ። ጆሮዋ ከብዙዎቹ ተማሪዎቼ ይልቅ የተከፈተ ነበር። በዓመቱ መጨረሻ እንግዶች ስለሚመጡ አንድ ከባድ ድርሰት ይዛ እንድትቀርብ አደረግሁ። እርስዋ «ጋሼ፣ ገና ነኝ» አለችኝ። እኔም ይህን የፍርሃት ነገር ነው ብዬ አለፍሁት። እውነቱን ለመናገር፣ ያሳሰበኝ የእርስዋ መብሰል ሳይሆን የእኔ አስተማሪነት በእንግዶቹ ፊት መታየቱ ነበር። በድርሰቱ አጋማሽ ላይ እጅዋ ከዳት፤ ቆመች፤ እንደገና ጀመረች፤ እንደገና ቆመች። ከዚያ ቀን በኋላ ለሁለት ወር ያህል መጣች፤ ከዚያም ቀረች። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። እርስዋ ግን የቸኮለች አልነበረችም፤ የቸኮልሁት እኔ ነበርሁ፤ የፈሰሰውም አልተለቀመም። ስለ ካሳልስ ዐሥራ ሁለት ዓመታት ባነበብሁ ቁጥር ያቺ «ገና ነኝ» የምትል ቃል ትመለስብኛለች።

ወደ ታሪኩ ልመለስ። ደራሲውና የፒያኖ ተጫዋቹ ኢሳቅ አልቤኒስ ልጁን በካፌ ቶስት ሰምቶት ስለነበረ፣ በማድሪድ ለሚኖሩት ለኮንት ሞርፊ የሚሰጥ ደብዳቤ ለእናቱ ጽፎ ሰጣት። ኮንት ሞርፊ በዙፋኑ ሞግዚትነት ስፔንን ያስተዳድሩ የነበሩት የንግሥት ማሪያ ክሪስቲና ጸሐፊ ነበሩ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ እናትና ልጅ ደብዳቤውን ይዘው ሄዱ፤ ንግሥቲቱም ለልጁ የወር ድጎማ ቆረጡለት። በማድሪድ ድርሰትን ከቶማስ ብሬቶን፣ በጥቂት ሰዎች የሚቀርበውን ሙዚቃ ከኼሱስ ደ ሞናስቴሪዮ ተማረ። ኮንት ሞርፊ ደግሞ ሙዚቃ ብቻውን ሰውን አያስተምርም ብለው ያምኑ ስለነበር፣ ታሪክና ሥነ ጽሑፍ ያስጠኑት፣ በፕራዶ ቤተ መዘክር ያሉትን ሥዕሎች እንዲመለከት ይልኩት፣ በአገሪቱ ምክር ቤት ተገኝቶ ክርክር እንዲያዳምጥም ያደርጉት ነበር። ይህ ወጣት በኋላ ዘመን ስለ አገርና ስለ ፍትሕ ያሳየው ጽኑ አቋም ከቼሎው ጎን በዚህ ቤት የተማረው ትምህርት ውጤት ጭምር እንደሆነ እገምታለሁ።

በ1895 ዓ.ም. ትምህርቱን እንዲቀጥል ወደ ብራስልስ ተላከ። በዚያ በነበረው ከፍተኛ የሙዚቃ ትምህርት ቤት የቼሎው መምህር የአንድን የአውራጃ ልጅ መምጣት እንደ ጨዋታ ቆጥሮ በተማሪዎቹ ፊት ተሳለቀበት። ይህን ድርሰት ታውቃለህን? ያንንስ? እያለ ጠየቀው፤ ልጁም አውቃለሁ ሲል ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። ከዚያ ተጫወተ። ሳቁ ጠፋ። መምህሩ ለብቻው ጠርቶ፣ ክፍሉ ውስጥ ቢገባ የዓመቱን አንደኛ ሽልማት እንደሚያገኝ ቃል ገባለት። ካሳልስ በጓደኞቹ ፊት ያላገጠበትን ሰው መምህሬ ብሎ ለመቀበል እንደማይችል ነግሮት ወጣ፤ ወዲያውም ወደ ፓሪስ ተጓዘ።

ይህ ድፍረት ዋጋ አስከፈለው። ከማድሪድ ይመጣ የነበረው ድጎማ ተቋረጠ። በፓሪስ በአንድ የጭፈራ ቲያትር ቤት ኦርኬስትራ ውስጥ ሁለተኛ ቼሎ ሆኖ ተቀጠረ፤ ቼሎውን ተሸክሞ በእግሩ እየተመላለሰ ሠራ። እናቱ ልብስ እየሰፋች ረዳችው፤ አንድ ቀንም ያማረ ረዥም ጸጉሯን ተቆርጣ ሸጠች። ልጁ በመጨረሻ ታመመና ወደ ባርሴሎና ተመለሱ። ነገር ግን በ1896 ዓ.ም. መምህሩ ጋርሲያ ሥራውን ለቅቆ ሊሄድ ሲነሣ የማስተማሩን ቦታ ለተማሪው አወረሰው። እንግዲህ ሃያ ዓመት ሊሞላው የተቃረበ ልጅ ራሱ በተማረበት ትምህርት ቤት መምህር ሆነ ማለት ነው።

በ1899 ዓ.ም. ካሳልስ በፓሪስ ከስመ ጥሩው የላሙሩ ኦርኬስትራ ጋር ተጫወተ፤ በዚያው ዓመት በእንግሊዝ አገር በንግሥት ቪክቶሪያ ፊት ቀረበ። ከዚያ በኋላ ዓለም ሁሉ ተከፈተለት። በ1904 ዓ.ም. በዋሽንግተን በፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት ፊት ተጫወተ። ከቫዮሊን ተጫዋቹ ከዣክ ቲቦና ከፒያኖ ተጫዋቹ ከአልፍሬድ ኮርቶ ጋር ያቋቋሙት የሦስት ሰዎች ጓድ ለብዙ ዓመታት ወደር አልተገኘለትም።

ከዚህ የክብር ዘመን አንድ ነገር ብቻ ለይቼ ልጥቀስ። በ1901 ዓ.ም. በአሜሪካ ሲዘዋወር፣ በሳን ፍራንሲስኮ አጠገብ ካለ ተራራ ሲወርድ ድንጋይ ተንከባሎ የግራ እጁን ጣት ቀጠቀጠው። በዚያች ቅጽበት መጀመሪያ በልቡ የመጣው አሳብ፣ ተመስገን፣ ከእንግዲህ ቼሎ መጫወት የለብኝም የሚል እንደነበር ራሱ በኋላ ተናግሯል። በመድረክ ላይ ከመውጣቱ በፊት የሚይዘው ጭንቀት እስከ ሽምግልናው አልተለየውም። ከወራት በኋላ ጣቱ ድኖ ወደ ሥራው ተመለሰ። ተማሪዎቻችን «እኔ ብቻ እፈራለሁ» ሲሉ ይህን ብንነግራቸው መልካም ነው።

በ1920 ዓ.ም. በባርሴሎና በራሱ ስም የሚጠራ ኦርኬስትራ አቋቋመ፤ ለብዙ ጊዜም የጎደለውን ወጪ ከኪሱ ሸፈነ። በ1926 ዓ.ም. ደግሞ ሠራተኞች በአነስተኛ መዋጮ አባል ሆነው ሙዚቃ የሚሰሙበት ማኅበር እንዲመሠረት አደረገ። ሙዚቃ ባለጸጋው የሚቀመጥበት የፊት ወንበር ንብረት ብቻ ሆኖ መቅረቱ ያስቆጨው ነበር።

ከዚያ ክፉው ዘመን መጣ። ናዚዎች በ1933 ዓ.ም. ሥልጣን ከያዙ በኋላ በጀርመን አገር አልጫወትም አለ። የሙሶሊኒ ኢጣልያም መድረኳን ብታዘጋጅለት እንቢ አለ። ይህ የኢጣልያ መንግሥት በ1935 ዓ.ም. አገራችንን የወረረው መሆኑን ለእናንተ ማስታወስ አያስፈልግም። በሐምሌ 1936 ዓ.ም. ካሳልስ በባርሴሎና የቤትሆቨንን ዘጠነኛ ሲምፎኒ ሲያለማምድ ሳለ፣ የጦር መኮንኖች ማመፃቸውንና ከተማይቱ አደጋ ላይ መሆንዋን የሚገልጽ መልእክት ደረሰው። በማግሥቱ ሊቀርብ የታሰበው ዝግጅት ቀረ። ካሳልስም ሙዚቀኞቹንና መዘምራኑን፣ ከመለያየታችን በፊት እንጨርሰው ወይስ እንበተን? ብሎ ጠየቃቸው። እንጨርስ አሉ። አዳራሹ ባዶ ነበር፤ እነርሱ ግን እስከ መጨረሻው ተጫወቱት። ከዚያ በኋላ ያ ጉባኤ በዚያ ሁኔታ አልተሰበሰበም።

በእርስ በርስ ጦርነቱ መካከል፣ ከ1936 እስከ 1939 ዓ.ም. ባለው ጊዜ፣ ካሳልስ በለንደንና በፓሪስ ስድስቱን የባኽ ስዊቶች በሸክላ አስቀረጸ። ሲጨርስ ዕድሜው 62 ዓመት ነበር። በወደቡ አጠገብ ኖታውን ካገኘበት ቀን ጀምሮ ሲቆጠር ግማሽ ምዕተ ዓመት ሊሞላ ጥቂት ቀርቶት ነበር። ዛሬ በዓለም ላይ ያለ የቼሎ ተማሪ ሁሉ እነዚህን ስዊቶች የሚያጠናቸው፣ በመድረክም የሚጫወታቸው፣ ይህ ሰው ከጣት ማፍታቻነት ስላወጣቸው ነው።

በ1939 ዓ.ም. የሪፑብሊኩ መንግሥት ወደቀ፤ ወደ ግማሽ ሚሊዮን የሚጠጋ ስደተኛ ድንበር ተሻግሮ ወደ ፈረንሳይ ገባ። ካሳልስም በፒሬኔ ተራሮች ግርጌ ባለችው ፕራድ በምትባል ትንሽ ከተማ ተቀመጠ። በአሸዋ ላይ በሽቦ ታጥረው ለነበሩት ወገኖቹ ገንዘብና ምግብ እያሰባሰበ ላከ፤ በየቀኑ ብዙ ደብዳቤ ጻፈ። ፈረንሳይ በጀርመን እጅ በወደቀች ጊዜ የጀርመን መኮንኖች ቤቱ ድረስ መጥተው በአገራቸው እንዲጫወት ጋበዙት። እንቢ አላቸው። ያን ጊዜ እንቢ ማለት የኮንሰርት ውል እንደ መተው ያለ ቀላል ነገር አልነበረም።

ጦርነቱ በ1945 ዓ.ም. ባበቃ ጊዜ በእንግሊዝ አገር ታላቅ አቀባበል ተደረገለት። ተስፋውም ግልጽ ነበር፤ ሒትለርና ሙሶሊኒ ከወደቁ የፍራንኮም አገዛዝ አይሰነብትም ብሎ ነበር። አሸናፊዎቹ መንግሥታት ግን ፍራንኮን እንዳለ ተዉት። ካሳልስ ይህን ባየ ጊዜ የኦክስፎርድንና የኬምብሪጅን የክብር ዶክተርነት አልቀበልም አለ፤ ደጋኑንም አስቀመጠ። ለአምባገነኑ መንግሥት እውቅና በሚሰጡ አገሮች መድረክ ላይ እንደማይወጣ አስታውቆ ወደ ፕራድ ተመለሰ። በቤቱ ግን መለማመዱንና ማስተማሩን አላቆመም፤ እንደ ልማዱ ማለዳ ተነሥቶ በፒያኖ ባኽን ሳይጫወት ቀኑን አይጀምርም ነበር። የዝምታው መሐላ የአደባባዩን መድረክ ብቻ የሚመለከት ነበር።

አሁን አንድ ከባድ ጥያቄ በፊታችን ይቆማል፤ ልሸሸውም አልፈልግም። ይህ ዝምታ ምን ጠቀመ? ፍራንኮ በቼሎ ዝም ማለት ከዙፋኑ አልወረደም፤ እስከ 1975 ዓ.ም. ገዛ። ካሳልስ በ1973 ዓ.ም. ሲሞት አገሩን ነጻ ሆና አላያትም። የተጎዳው አድማጭ ነው፤ በሙያው ጣራ ላይ ያለ ሰው የዓመታት ድምፁን ለራሱ አስቀረ የሚሉ ነበሩ፤ ክርክራቸውም ከንቱ አይደለም። ከዚህም በላይ መሐላው እስከ መጨረሻ እንደ ተጻፈ አልጸናም። በ1950 ዓ.ም. ባኽ የሞተበት 200ኛ ዓመት ሲከበር፣ የቫዮሊን ተጫዋቹ አሌክሳንደር ሽናይደር፣ አንተ ወደ ዓለም ካልመጣህ ዓለም ወደ አንተ ይምጣ በሚል አሳብ የፕራድን የሙዚቃ በዓል አደራጀ፤ ካሳልስም በከተማይቱ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የመጀመሪያውን ስዊት ተጫወተ። በ1958 ዓ.ም. በኒው ዮርክ በተባበሩት መንግሥታት አዳራሽ ስለ ሰላም ተጫወተ። በኅዳር 1961 ዓ.ም. ደግሞ በፕሬዚዳንት ኬኔዲ ግብዣ በዋሽንግተን ተጫወተ፤ የኬኔዲ መንግሥት ግን የፍራንኮን መንግሥት የሚያውቅ ነበር። እንግዲህ ቃሉን አጠፈ ልንል እንችላለንን?

እኔ በበኩሌ የማየው እንደሚከተለው ነው። ካሳልስ በእያንዳንዱ ጊዜ ራሱን የጠየቀው ጥያቄ በዐሥራ ሦስት ዓመቱ ከጠየቀው የተለየ አልነበረም፤ ይህን ድምፅ አሁን፣ በዚህ ቦታ፣ በእነዚህ ሰዎች ፊት ማሰማት ይገባኛልን? የሚል ነው። በልጅነቱ መልሱ «ገና ነኝ» ነበር። በብራስልስ «በዚህ ሰው ፊት አይሆንም» አለ። በባዶው የባርሴሎና አዳራሽ «አዎን፣ ሰሚ ባይኖርም እንኳ» አለ። በ1945 ዓ.ም. «አይሆንም» አለ፤ በ1958 ዓ.ም. ደግሞ መልሱን ለወጠ። በመልሶቹ ሁሉ ላንስማማ እንችላለን። ስለ 1961 ዓ.ም. እኔም ራሴ እርግጠኛ አይደለሁም። ጥያቄውን ግን አንድ ቀን እንኳ ለሌላ ሰው አሳልፎ አልሰጠም። ዝምታውም ሊደመጥ የቻለው ከኋላው የስድሳ ዓመት ሥራ ስለነበረ ነው፤ መጫወት የማይችል ሰው ዝም ቢል ማንም አያውቅለትም።

በ1950ዎቹ አጋማሽ ካሳልስ እናቱ ወደ ተወለደችበት ወደ ፖርቶ ሪኮ ሄዶ ተቀመጠ። በዚያም ኦርኬስትራና የሙዚቃ ትምህርት ቤት እንዲቋቋሙ ደከመ፤ በአሜሪካ በማርልቦሮ ወጣቶችን አስተማረ። በ1971 ዓ.ም. ሊሞላ ጥቂት በቀረው በ95 ዓመቱ ለተባበሩት መንግሥታት ያዘጋጀውን መዝሙር መራ፤ ከዚያም ስለ ወፎች የሚዘመረውን የካታሎንያ ዜማ በቼሎው አሰማ። ከሁለት ዓመት በኋላ በጥቅምት 1973 ዓ.ም. በሳን ኹዋን አረፈ። ዐፅሙ በ1979 ዓ.ም. ወደ ቬንድሬል ተመልሶ በትውልድ አፈሩ አረፈ።

የተከበራችሁ ባልደረቦቼ፣ ከዚህ ሰው ሕይወት ለሙያችን የምንወስደው ምንድር ነው? አንደኛ፣ እንደ ጋርሲያ ያለ አስተማሪ መሆንን ነው፤ ተማሪው ከእኛ አያያዝ የተለየ አያያዝ ሲሞክር መጽሐፉን ከብብቱ ሥር ማውጣት ይገባናል። ሁለተኛ፣ እንደ ኮንት ሞርፊ ጣትን ብቻ ሳይሆን ሰውዬውን ማስተማር ነው፤ ታሪክ የማያውቅ፣ ሥዕል የማያይ፣ ስለ አገሩ የማያስብ ተጫዋች እጁ ቢፈጥንም የሚናገረው ነገር ያልቅበታል። ሦስተኛው ከሁሉ ይልቅ የሚከብደኝ ነው። ተማሪዎቻችን መቼ መጫወት እንዳለባቸው እናስተምራቸዋለን፤ የመርሐ ግብሩ ወረቀት ይታተማል፤ ቀኑ ይቆረጣል። መቼ መቆየት እንዳለባቸው፣ መቼም እንቢ ማለት እንደሚገባቸው ግን አናስተምራቸውም። ይህ ትምህርት በኋላ፣ ፈታኝ ቀን ሲመጣ፣ በድንገት የሚገኝ አይደለም። በልጅነት፣ በልምምድ ክፍል፣ አስተማሪው «ገና ነኝ» የሚለውን የተማሪውን ድምፅ በሰማበት ሰዓት ይጀመራል።

ያቺን ተማሪዬን ከጥቂት ዓመታት በፊት በመንገድ አገኘኋት። የልጆች እናት ሆናለች። ይቅርታ ልጠይቃት አፌን ስከፍት እርስዋ ቀድማ፣ ታናሽቱ ልጅዋ ቫዮሊን መማር እንደምትፈልግ ነገረችኝ። «ግን ጋሼ፣ አይቸኩሉባት» አለችኝ። ቃል ገብቻለሁ። በእናንተም ፊት ቃሌን አድሳለሁ።